«በነፃ ነው የተማርኩት» አትበል

ወገን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው። «ነፃ» ስለምትባለው ቃል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ «በነፃ ነው የምማረው» ይላል። ወላጅ ለጎረቤቱ «ልጄ እኮ በነፃ ነው የምትማረው» ይላል። ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ «ልጆቻችሁን በነፃ እያስተማርን ነው» ይላል። ቃሏን ስለለመድናት ማንም ቆም ብሎ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ግን ውሸት ናት እንላለን። ውሸትነቷ ሳያንስ ብዙ ዋጋ እያስከፈለችን ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ፍሬሽማን እያለሁ ነው። የግቢውን ስም አልጠራም፤ የትኛውም ግቢ ብትሄዱ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ካፌ የቀረበልን ሽሮ እንደ ውሃ ቀጥኖ፣ እንጀራው ደግሞ ሻግቶ ነበር። አንድ የዶርም ልጅ ትሪውን እንደያዘ ኃላፊው ጋ ሄደና «ጋሼ፣ ይሄ ለሰው ይሰጣል?» አለው። ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየውና «በነፃ እየበላህ ደግሞ ታማርጣለህ?» አለው። በቃ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሰልፍ ላይ የነበርነው ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ለምን? «በነፃ» የምትለዋ ቃል አፋችንን ስለዘጋችው። በነፃ የሚበላ ሰው ምን ብሎ ያማርጣል!

ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሬጅስትራር ተሰለፉ ተባልንና የኮስት ሼሪንግ ውል ፈረምን። ወረቀቱ ላይ የምግብ፣ የመኝታ፣ የትምህርት እያለ ከነብሩ ተዘርዝሯል። ያ ቀጭን ሽሮ ዋጋ ተጽፎበታል! ያ ኃላፊ «በነፃ እየበላህ» ያለው ልጅ የበላውን እያንዳንዱን ጉርሻ ተበድሮ ነው የበላው። እኔም፣ አንተም፣ አንቺም እንደዚያው።

እስቲ ነገሩን በሥርዓት እንየው።

የኮስት ሼሪንግ አሠራር በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የተቀመጠው ነገር ግልጽ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። እዚያው መክፈል የማይችል ከተመረቀ በኋላ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። መምህር ለሚሆን ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ ተቀምጧል። የተመረቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቴምፖራሪውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ዋናውን ዲግሪ ልታወጡ ስትሄዱ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮስት ሼሪንግ ጨርሰሃል ወይ?» ነው።

ስለዚህ ገና ከመነሻው፣ በወረቀቱ ራሱ፣ ነገሩ ነፃ አይደለም። ይሄ ግን ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። አንተ 15 በመቶውን ከተጋራህ፣ የቀረውን 85 በመቶ ማን ቻለው?

«መንግሥት» ብለህ እንዳትመልስልኝ። መንግሥት ከሰማይ የሚወርድለት መና የለውም። በእጁ ያለው ከሕዝብ የሰበሰበው፣ ከሕዝብ ሀብት ያገኘው፣ ወይም በሕዝብ ስም የተበደረው ነው።

መገናኛ ላይ ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ አስቡት። ምናልባት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ ነው። ማታ ማታ ሀገር ቤት ላለችው እናቱ ለመደወል ካርድ ይሞላል። ያ የአየር ሰዓት 15 በመቶ ቫት አለበት። ቫት ከነሙሉ ዋጋው ሲታሰብ ከ115 ብሩ 15ቱ ታክስ ነው። ሊስትሮው ለእናቱ «አለሁ» ለማለት በደወለ ቁጥር ለአንተ ላቦራቶሪ አዋጥቷል። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ጫማ ጠርጎ ይሆናል እንጂ ውስጡን አላየውም።

ቫቱ የሚጫነው የሱቅ ሳሙናም ላይ ነው። ልብስ አጥባ የምታድር እናት ሳሙና ስትገዛ ደረሰኝ አይሰጣትም ይሆናል፤ ታክሱ ግን ከፋብሪካው ጀምሮ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃታል። ተቀጣሪውማ የራሱን ደሞዝ ሙሉውን ዓይቶት አያውቅም፤ ገና ሳይደርሰው ይቆረጣል። ይርጋጨፌና ጅማ ያለው ገበሬ የሚለቅመው ቡና ዶላር ያመጣል፤ የሕክምና ተማሪው የሚያይበት ማይክሮስኮፕ ደግሞ በዶላር ነው የሚገዛው። የጎደለው ሲበደሩለት ዕዳው ገና ላልተወለዱት ልጆች ይተላለፋል። አስቡት እንግዲህ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ሳይቀር ለአንተ ዶርም ፈርሟል።

ሌላም አለ። ለዩኒቨርሲቲ የዋለ ብር ለሌላ ነገር አልዋለም። አንድ ቀበሌ ውኃ ሳይገባላት ቀርቷል፣ አንድ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ሳያገኝ ቀርቷል። ይሄን ስንል «ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም» ማለታችን አይደለም። ያስፈልጋል! ሕዝቡ ግን ከተረፈው ላይ እንዳልሰጠን እንወቅ። ከጎደለው ላይ ነው የሰጠን።

አሁን ደግሞ ከባዱን ቁጥር እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ሆነ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ልጅ ተፈትኖ 30 ሺህ የማይሞላ ሲያልፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብላችሁ አስቡት። ከመቶ ተፈታኝ የዘጠና ስድስቱ እናት ልጇ አላለፈላትም። ታክስ ግን ቀረላት? አልቀረላትም። የራሷ ልጅ ቤት ተቀምጦ የጎረቤቷን ልጅ ዶርም እየከፈለች ነው።

እና አንተ እዚያ ሰፈር ለእረፍት ስትሄድ፣ ያቺ እናት ባለችበት «በነፃ ነው የምማረው» ትላለህ? ለእሷ ይሄ ስድብ ነው። የከፈለችውን እንዳልከፈለች መቁጠር ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቶቻችን ይሄን ነገር ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር።

የቆሎ ተማሪን አስቡት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከሀገሩ ርቆ ይማራል። ቀለብ የሚሰፍርለት ባለሥልጣን የለም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከበር በር ይዞራል፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ ቁራሽ ይሰጠዋል፣ ያንን ይዞ ጎጆው ይገባና ቅኔውን ይቆጥራል። ወሎ ውስጥ ያለውን ደረሳም እንዲሁ አስቡት፤ ሸኽ ፍለጋ ሀገር አቋርጦ መጥቶ የመንደሩ ሰው ነው የሚያበላው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየፊናው የደረሰበት መላ አንድ ነው፦ ሕዝብ ያበላል፣ ተማሪ ይማራል።

ያ ተማሪ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ቁራሹ ከየትኛው በር እንደመጣ ያውቃል። የሰጠችውን እናት ፊቷን አይቷል። ራሷ ሳትጠግብ እንደሰጠችውም አይቷል። «በነፃ ተማርኩ» ቢል አንደበቱ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ሲማር ቆይቶ መሪጌታ ሲሆን የሌላውን ልጅ ያስተምራል፤ ሸኽ ሲሆን እሱም በተራው ደረሳ ይሰበስባል። ቁራሹ በዚህ መንገድ ይመለሳል።

በእኛና በቆሎ ተማሪው መካከል ያለው ልዩነት ይሄ ነው። እኛንም ያበላን ያው ሕዝብ ነው፤ በሩን ግን አላየነውም። ቁራሹ በበጀት፣ በጨረታ፣ በሚል ካርድ ዞሮ ስለመጣ የሰጪዋ ፊት ጠፋብን። ፊቷ ሲጠፋ ጊዜ «ነፃ» አልነው።

የዘመናዊው ትምህርት ታሪካችንም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪው ጥቂት ነበር፤ ያ ጥቂት ተማሪ የሚኖረው ግን በብዙው ገባር ላብ ነበር። በ1954 ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ከዚያ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ፤ አብዛኛው የወጣው ለማስተማር ነው። የከተማው ልጅ ገጠር ሄዶ ማን እንደሚያበላው በዓይኑ አየ። በዚያው በ1957 ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለንም። በር ያየ ተማሪ ዝም አይልም።

በ1967 ደግሞ ደርግ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በእድገት በሕብረት ዘመቻ አሰማራ። ይሄኛው ወዶ ሳይሆን ታዝዞ ነበር፤ ብዙ መከራም የታየበት ነው። የአገልግሎት ሐሳብ ከላይ በጠመንጃ ሲጫን ምን እንደሚሆን ያኔ ተምረናል። ስለዚህ ዛሬ «ዘመቻ ይመለስ» እያልን አይደለም። የምንለው ያኔ የነበረው ተማሪ ዕዳ እንዳለበት ያውቅ ነበር ነው። ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ላይ ተጣላ፣ ተሰደደ፣ ሞተም። «የለብኝም» ግን አላለም።

ዛሬስ? በ1983 ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ45 በላይ ሆነዋል። ግቢው በዛ፣ ተማሪው በዛ፣ «ነፃ» የሚለውም አብሮ በዛ። የዕዳው ነገር ግን ኮስት ሼሪንግ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

«ታዲያ ቃል ብትሆን ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ቃሏ ተማሪውን ለማኝ ታደርገዋለች። ያ የካፌ ልጅ ለምን ዝም አለ? ለማኝ ስለተባለ ነው። መምህር ሳይገባ ሲቀር፣ ላቦራቶሪው ለዓመት ሲቆለፍ፣ ዶርም ውስጥ ውኃ ለሳምንት ሲጠፋ «በነፃ ነው፣ ምን ይደረግ» እንላለን። ሂሳብ እንሥራ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት በጣም ትንሽ ነበር፤ 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በቅርቡ ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። 100 ብር በ10 ወር 30 ሺህ ብር ነው። በ4 ዓመት 120 ሺህ። ይሄ የአንድ ልጅ ምግብ ብቻ ነው። ግቢው 10 ሺህ ተማሪ ካለው በዓመት 300 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። 300 ሚሊዮን ብር የሚንቀሳቀስበትን ወጥ ቤት «ነፃ» ብለን ዓይናችንን ከጨፈንን፣ ጨረታውን ማን ይጠይቃል? ጤፉ በስንት እንደተገዛ ማን ይጠይቃል? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እኛ ራሳችን «ባለቤት የለውም» ብለን ካወጅን አጥሩ ቢነቀነቅ ምን ይገርማል?

ሁለተኛ፣ ቃሏ ባለሥልጣኑን ቸር ታስመስለዋለች። «መንግሥት አስተማረኝ» የሚል ልጅ ሳያውቀው ባለሥልጣኑን አባት አድርጎ ሾሞታል። ያ ባለሥልጣን ግን ያመጣው የራሱን ብር አይደለም፤ የእናትህን ብር ነው ተሸክሞ ያመጣልህ። ለዚያውም መንገድ ላይ ያልጎደለ እንደሆነ ነው። መልእክተኛ ይመሰገናል፤ መልእክተኛው ግን የሰጪውን ምስጋና ጠቅልሎ ከወሰደ ሌብነት ነው። «ሕዝብ አስተማረኝ» በል። ለውጡ የአንድ ቃል ነው፣ ምስጋናውን ግን ወደ ባለቤቱ ይመልሳል።

ሦስተኛ፣ ቃሏ የተመረቀውን ታስረሳዋለች። በነፃ ያገኘኸውን ነገር ለማን ትመልሳለህ? ለማንም። እንግዲህ ሐኪሙ ገጠር አልሄድም ሲል፣ ኢንጂነሩ ሲሚንቶ ቀንሶ ድልድይ ሲሠራ፣ የሕግ ምሩቁ የደሃ ፋይል እያገላበጠ እጅ መንሻ ሲጠብቅ ሕሊናውን የሚቆረቁረው ነገር የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የበቀለው ዕዳ የለብኝም ከሚል ጭንቅላት ነው።

ግቢ ውስጥ ድንጋይ የሚያነሳውም ከዚሁ ይመደባል። ወንድሜ፣ በብሔር ተቧድነህ የሰበርከው መስኮት የማን ይመስልሃል? የሬክተሩ አይደለም። የሌላኛው ብሔር ልጅም አይደለም። ምናልባት የእናትህ ሳሙና ነው። የደበደብከው ልጅ ደግሞ አንድ መንደር ሙሉ ቁራሽ አዋጥቶ የላከው ልጅ ነው። ሀገሬን እወዳለሁ የሚል ሰው ሀገሩ አዋጥታ የሠራችውን ቤተ መጻሕፍት አያቃጥልም፤ ሀገሩ አዋጥታ የላከችውን ልጅ አይነካም። ይሄ ላይ ድርድር የለንም።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነው፤ ልክም ናችሁ።

«ነፃ አይደለም ካላችሁ እኮ 'እንግዲያው ክፈሉ' ይሉናል» የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የማድረጉ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል፤ ራስ ገዝ ማለት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገቢ መፈለግም አለበት ማለት ነው። ገቢ ሲፈለግ የመጀመሪያው ኪስ የማን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አይጠይቅም።

ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። «ነፃ ነው» የሚለው ቃል ከክፍያ አያድነንም፤ እንዲያውም ያጋልጠናል። በነፃ የተሰጠን ነገር ሰጪው በፈለገ ቀን ይከለክለናል። ስጦታ ነዋ! «እስከ ዛሬ በነፃ ሰጥተናችኋል፣ ከዛሬ ጀምሮ አቅም የለንም» ቢሉህ ምን ትመልሳለህ? «ሕዝብ ከፍሎበታል» ካልክ ግን መልስ አለህ፦ «እናቴ አንድ ጊዜ በቫት ከፍላለች፣ አባቴ አንድ ጊዜ በደሞዙ ከፍሏል፣ እኔ በኮስት ሼሪንግ ፈርሜያለሁ። ስንተኛ ጊዜ ነው የምታስከፍሉን?» ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ግዴታ ነው የሚለው፣ ችሮታ አይልም። የደሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ገንዘብ ተጠይቆ እንዲመለስ አንፈቅድም። የማንፈቅደውም የሕዝብ ስለሆነ ነው።

«እሺ፣ ዕዳ ዕዳ እያላችሁ ምሩቁን አታስጨንቁት፤ ሥራ እንኳ የለውም» የሚልም አለ። ይሄም እውነት ነው። ዲግሪውን ይዞ ባጃጅ የሚነዳ፣ ቤተሰብ ላይ ተቀምጦ የሚሳቀቅ ስንት ወንድም እንዳለን እናውቃለን። ሥራ ያላገኘ ሰው ከምኑ ላይ ይክፈል? የዕዳውን ጥያቄ መጀመሪያ መመለስ ያለበት የሕዝብን ብር አውጥቶ ካስተማረ በኋላ ሥራ የሚፈጠርበትን ሜዳ ያላዘጋጀው አካል ነው። አስተምሮ ሜዳ ላይ መጣል የሊስትሮውን ብር ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ሦስተኛው ስስ ቦታ ነው፣ በጥንቃቄ አንብቡት። ሐኪሙ ወይም መምህሩ «ደሞዜ ከወር ወር አያደርሰኝም» ብሎ ሲጠይቅ «በሕዝብ ገንዘብ ተምረህ ምን ትጠይቃለህ?» የሚሉ አሉ። ይሄ የእኛን ሐሳብ ሰርቆ ጅራፍ ማድረግ ነው። ዕዳው ለሕዝብ እንጂ ለአለቃ አይደለም። ሕዝብ ሐኪሙን ያስተማረው እንዲያክመው ነው፤ እንዲራብለት አይደለም። ልጆቹን ማብላት ያልቻለ ሐኪም ነገ ቦሌ ላይ ሻንጣውን ይዞ ይሰለፋል፤ ያኔ የከሰረው ያው ከፋዩ ሕዝብ ነው። ባለዕዳ መሆንና ባሪያ መሆን አንድ አይደሉም።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ወገኖቻችንም ይሄ ይመለከታችኋል። አሜሪካ የሚማሩ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ በራሱ ስም ስንት ዶላር ዕዳ ተሸክሞ እንደሚወጣ ይነግሯችኋል። እዚያ ዕዳው በወረቀት ስለተጻፈ ማንም አይረሳውም፤ በየወሩ ይቆረጣል። እዚህ ተምራችሁ የሄዳችሁ ግን ዕዳችሁ በሰው ላብ ነው የተጻፈው። ወረቀት የለውም፣ ደብዳቤ አይመጣባችሁም። መሄዳችሁን አንኮንንም፤ ለምን እንደሄዳችሁ እናውቃለን። ያስተማራችሁን ሰፈር ግን አትርሱት።

እና ምን እናድርግ? ነገር ብቻ ተናግረን አንበተን።

ግቢ ያላችሁ ተማሪዎች፦ ከዛሬ ጀምሮ «በነፃ» የሚለውን ከአፋችሁ አውጡት። «ሕዝብ ከፍሎልኝ» በሉ። ከዚያ እንደ ባለአደራ ጠይቁ። የተማሪዎች ኅብረታችሁ የቀን የምግብ በጀቱ ስንት እንደሆነና በምን እንደዋለ ካፌ በር ላይ እንዲለጠፍ ይጠይቅ። በሰላም፣ በጽሑፍ፣ በስም። መምህር ሲቀር መዝግቡ። የሕዝብ ብር ነው፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ራሳችሁም ክፍል ግቡ! ኮርስ በኩረጃ ያለፈ ልጅ የሰረቀው ከመምህሩ አይደለም፣ ከሊስትሮው ነው።

የተመረቃችሁ፦ ሥራ ካላችሁ ኮስት ሼሪንጋችሁን ጨርሱ። «ማን ይጠይቀኛል» አትበሉ። ግን በዚያ እንዳታበቁ፤ 15 በመቶ ከፍሎ 100 በመቶ ተገላገልኩ ማለት ራስን ማታለል ነው። የቀረውን በእውቀት ክፈሉት። ከመቶ ሦስትና አምስት ልጅ ብቻ ያለፈባቸውን ዓመታት ባየች ሀገር፣ የእናንተ የድሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስረዳው ሰው የሚጠብቅ ልጅ አለ። ክረምት ላይ ሀገር ቤት ስትሄዱ ሁለት ሳምንት ስጡት። ያነበባችሁትን መጽሐፍ፣ የድሮ ወርክሺታችሁን አድርሱት። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፈቃድም አይጠይቅም።

ወላጆች፦ ልጃችሁን ስትሸኙ «በነፃ ነው፣ ዕድልህን ተጠቀም» ብቻ አትበሉት። የሚያውቃትን አንዲት ጎረቤት ስም ጥሩለት። «የእገሌ እናት ልጇ አላለፈላትም፤ አንተን ግን እያስተማረችህ ነው» በሉት። እመኑን፣ ከሺ ምክር ይበልጣል።

በሥልጣን ላይ ያላችሁ፦ «በነፃ እያስተማርን ነው» አትበሉን። «ገንዘባችሁን ለልጆቻችሁ በዚህ መልክ አውለነዋል፣ ሂሳቡ ይኸው» በሉን። ያኔ እናጨበጭባለን።

በመጨረሻ ወገን፣ «ነፃ» ለእኛ ትልቅ ቃል ነው። አድዋ ላይ ደም የፈሰሰበት ቃል ነው። በነፃ ያገኘነው ነፃነት እንኳ የለም፤ አባቶቻችን ከፍለውበታል። ታዲያ ነፃነትን «በነፃ አገኘነው» የማይል ሕዝብ ዲግሪውን እንዴት «በነፃ አገኘሁት» ይላል?

ያ የዶርም ልጅ ዛሬ ያ ካፌ ውስጥ ቢሆንና ኃላፊው «በነፃ እየበላህ» ቢለው፣ አንገቱን ባይደፋ ደስ ይለን ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሳይሳደብ፣ ሳይጮህ እንዲህ ቢለው፦ «ጋሼ፣ ይሄን እናቴ ከፍላበታለች። የእርስዎም እናት ከፍላበታለች። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው።»

እናንተም እንዲህ በሉ። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ጓደኛችሁና ለአንድ በር ላይ ለቀረ ወንድማችሁ ይሄን ጽሑፍ አድርሱት። ሁለቱም ሊያነቡት ይገባል።